የአሥር ሺህ ብር ቀብድ ልላክ ወይስ ይቅርብኝ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ፤ ሂርማታ አካባቢ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለኝ። በዚህ ወር የ60 ሺህ ብር እቁብ ደርሶኛል። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ለገና ላፕቶፕ እገዛልሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ። እናቴ ደግሞ አጋሮ ብቻዋን ናት፤ ጂዳ ያለችውን እህቴን ፊቷን እያየች እንድታወራ ደህና ስልክ ልገዛላት አስቤያለሁ።

አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ «የገና ልዩ ቅናሽ» ብለው ኤችፒ ኢሊትቡክ ኮር አይ 5 ላፕቶፕ በ34 ሺህ ብር ለጥፈዋል። እዚህ ጅማ ሱቅ ስጠይቅ 43 ሺህ አሉኝ። ባለሱቁ የእሱ «ጂ 5» የሚባለው እንደሆነ ነገረኝ፤ የቴሌግራሙ ላይ እንደዚያ የሚል የለም፣ ፎቶው ግን አንድ ዓይነት ነው። የቴሌግራሙ ሻጭ 10 ሺህ ብር ቀብድ በባንክ ከላክሁ ዕቃውን በአውቶቡስ ልኮልኝ ቀሪውን መናኸሪያ ላይ ለረዳቱ እንደምከፍል ነግሮኛል። «እስከ ነገ ካልላክሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» እያለ በቀን ሁለት ሦስቴ ይጽፍልኛል።

ባለቤቴ «ያላየነው ዕቃ ላይ ገንዘብ አንልክም» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል። እኔ ግን ዘጠኝ ሺህ ብር ለእናቴ ስልክ ብዙ ነገር ነው እላለሁ። የማያውቀው ነገርም አለ። አምና በዚሁ መንገድ ለጆሮ ማዳመጫ 2,500 ብር ልኬ ሰውየው አግዶኝ ቀርቷል፤ ለማንም አልተናገርኩም። አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ የሚሠራ የአክስቴ ልጅ አለ፤ ላስቸግረው ግን አፍራለሁ። ቀብዱን ልላክ ወይስ ይቅርብኝ? እባካችሁ ምከሩኝ።

ሐ. ከጅማ

ውድ እህታችን፣

ጥያቄሽን ሳላቆይ ልመልስ፤ አሥር ሺሁን አትላኪ። ሻጩ አጭበርባሪ ነው ማለቴ አይደለም፤ በጻፍሽልን ብቻ ያን ማወቅ አይቻልም። የምፈራው ቀብዱ ከእጅሽ ከወጣ በኋላ ሐሳብሽን የመለወጥ አቅም እንዳታጪ ነው። ሰውየው ታማኝ ቢሆን እንኳ መናኸሪያ የደረሰው ዕቃ ያሰብሽው ሳይሆን ቢቀር፣ ወይ አሥር ሺሁን ትተሽ ትመለሻለሽ፣ ወይ 24 ሺህ ጨምረሽ የማትፈልጊውን ይዘሽ ትገቢያለሽ። ረዳቱም ብሩን ተቀብሎ ካርቶኑን እንዲሰጥሽ የተላከ ሰው ነው፤ ከፍተሽ፣ አብርተሽ፣ እያንዳንዱን ነገር እስክትሞክሪ ቆሞ አይጠብቅሽም። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባል የለ፤ በዚህ አካሄድ ልብሽ የሚፈርደው ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ከላፕቶፑ ይልቅ ብዙ የቆየሁት 2,500 ብሯ ላይ ነው። ዓመት ሙሉ ብቻሽን ይዘሽዋል። ባለቤትሽ «ያላየነው ዕቃ» ሲል ምን ተሰማሽ? አላመነኝም ብለሽ ከፋሽ፣ ወይስ የአምናውን አስታወሰሽ? ምናልባት ሁለቱም ይሆናል። በእኔ ግምት ዘጠኝ ሺህ ብሩን አጥብቀሽ የያዝሽው ለእናትሽ ስልክ ብቻ ብለሽ አይደለም፤ አንዴ ትርፍ አግኝተሽበት የአምናውን ለማካካስ የፈለግሽም ይመስለኛል። ይህ የሰው ልብ ነው፣ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ግን ለባለቤትሽ ንገሪው። የዋጋ ክርክር በተነሳበት ሰዓት ሳይሆን ልጁ ተኝቶ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ በአጭሩ፦ «አምና እንዲህ ሆኜ ነበር፤ አፍሬ ነው ያልነገርኩህ። ዘንድሮ አብረን አይተን እንግዛ።» ትንሽ ሊቆጣ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ላፕቶፑን ለመመርመር ሁለት ሆናችሁ ትቆማላችሁ፣ አንቺም የደበቅሽውን ነገር እየጠበቅሽ አትደራደሪም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ጅማ ያለው ባለሱቅ «ጂ 5» ማለቱን ጽፈሽልናል፤ የቴሌግራሙ ማስታወቂያ ላይ ግን ይህ የለም። ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። «ኢሊትቡክ ኮር አይ 5» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርሽም፤ በዚህ ስም ለዓመታት ብዙ ላፕቶፖች ተሠርተዋል። ኢሊትቡክ 840 ጂ 3 የሚባለው 6ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ፕሮሰሰር፣ ማለትም የላፕቶፑ አእምሮ፣ አለው፤ 840 ጂ 5 ደግሞ በአብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽን ነው። ለማያውቅ ሰው በፎቶ ሁለቱም ብርማ ቀለም ያላቸው ቀጭን ላፕቶፖች ናቸው። የሚለያቸው የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር ነው፦ አይ 5 ከሚለው ቀጥሎ 6200 ወይም 6300 ካለ 6ኛ፣ 8250 ወይም 8350 ካለ 8ኛ ጀነሬሽን ነው። የመጀመሪያዋን አሃዝ ተመልከቺ።

ልዩነቱ ለወንድምሽ ምን ያደርግለታል? ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ያሉትን ነው። ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። 6ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ ይሠራል፣ ጽሑፍ ይጻፍበታል፣ ነገር ግን አራትና አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለሚቆይ ልጅ ከወዲሁ ያረጀ ዕቃ ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ሺህ ብሩ ቅናሽ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት የሁለት የተለያዩ ዕቃዎች የዋጋ ልዩነት ነው። ሻጩን ሙሉውን የፕሮሰሰር ቁጥር ሳትጠይቂ ሁለቱን ዋጋዎች ማወዳደር አይቻልም።

ራሙ፣ ማለትም ላፕቶፑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ፣ 8 ጊጋባይት ይሁን፤ 840 ጂ 5 ሁለት የራም ማስገቢያ ስላለው ወደፊት መጨመርም ይቻላል። ማከማቻው ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት መሆኑን አረጋግጪ። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ከ500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ይሻለዋል፤ ላፕቶፑ ቶሎ እንዲነሳና እንዳይንቀረፈፍ የሚያደርገው ይኸው ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ልጠይቅሽ። ወንድምሽን ምን እንደሚያስፈልገው ጠይቀሽዋል? የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ትምህርት ክፍሉን ገና አልለየም። ነገ ኢንጂነሪንግ ደርሶት ወደ ዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ቂጦ ፉርዲሳ፣ ከሄደ የንድፍ ሶፍትዌሮች ከ8 ጊጋ ራም በላይ ይፈልጉበታል፤ ሌላ ትምህርት ከደረሰው አሁን ያሰብሽው ይበቃዋል። «ከገና በፊት ያስፈልግሃል ወይስ ትምህርት ክፍልህን እስክትመርጥ ይቆይ?» ብትዪው ቃልሽን እንዳጠፍሽ አይቆጥረውም። ለእሱ ተብሎ የታሰበ ነገር መሆኑን ያየዋል።

ይህን ሁሉ ሰምተሽ የቴሌግራሙ ላፕቶፕ አሁንም ልብሽን ከሳበው፣ ከዕቃው በፊት ቻናሉን መርምሪ። ከእያንዳንዱ ልጥፍ ሥር ስንት ሰው እንዳየው የሚያሳይ ቁጥር አለ። አባላቱ 50 ሺህ ሆነው የቆየ ልጥፍ የተመለከተው 300 ሰው ከሆነ አብዛኛው አባል የተገዛ ሊሆን ይችላል። የምትጻጻፊበት ሰው መለያ ስም ቻናሉ ላይ ከተጻፈው ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እዪ፤ የታወቀን ሱቅ ፎቶና ስም ወስደው በመለያው ላይ አንዲት ፊደል ወይም አንዲት ሰረዝ ብቻ የሚቀይሩ አሉ። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ንግግሩን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ዋጋውን፣ የገባልሽን ቃልና የሒሳብ ቁጥሩን ዛሬውኑ ስክሪንሾት አድርጊ። ቪዲዮ ከላከልሽም የተቀዳ ቪዲዮ አይበቃም። በቪዲዮ ጥሪ ላፕቶፑን አብርቶ፣ የአንቺን ስምና የዕለቱን ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ አጠገቡ ያስቀምጥ፤ ከዚያ ገልብጦ ከሥሩ የተለጠፈውን የሞዴል ስምና ሲሪያል ቁጥር ያሳይሽ። ዕቃው እጁ ላይ ላለ ሰው ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚያ፣ ሻጩ ያለው አዲስ አበባ ከሆነ፣ የአክስትሽ ልጅ ይሂድ። ላስቸግረው አፍራለሁ ያልሽው ይገባኛል፤ ግን የምትጠይቂው የአንድ ሰዓት ጊዜ ነው፣ የታክሲውን ብር ቀድመሽ ላኪለት። እሱም ቢሆን ከአሥር ሺህ ብር ኪሳራ በኋላ ከሚሰማው አሁን ቢጠየቅ ይመርጣል። ይህን ጽሑፍ እንዳለ ላኪለትና እንዲህ ያድርግ።

መጀመሪያ ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅሎ ያብራው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫን ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ «ፐርፎርማንስ» የሚለው ገጽ ላይ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር፣ የራሙ መጠንና ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆን አለመሆኑ በግልጽ ይታያል። ቀጥሎ ላፕቶፑን ዘግቶ እንደገና ሲያስነሳ ኤፍ 10 ደጋግሞ ይጫን፤ በኤችፒ ይህ ወደ ባዮስ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ወዳለው የላፕቶፑ መሠረታዊ ቅንብር፣ ያስገባል። የይለፍ ቃል ከጠየቀው እዚያው ይተወው። ከውጭ የሚመጡ ዩዝድ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ድርጅቶች ሲጠቀሙባቸው ኖረው በጅምላ ያስወገዷቸው ናቸው፤ ድርጅቱ ያስገባው የይለፍ ቃል ካልተነሳ አሁን ቢሠሩም ነገ ዊንዶውስ ሲበላሽ እንደገና መጫን ከባድ ይሆናል። ባዮሱ ያለ ይለፍ ቃል ከተከፈተ እዚያ የሚታየው ሲሪያል ቁጥር ከሥሩ ከተለጠፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልገጠመ ማዘርቦርዱ ተቀይሯል፣ ወይም ተለጣፊው የሌላ ዕቃ ነው።

ባትሪውን በዓይን ግምት አይለካ። በትዕዛዝ መስኮቱ፣ ሲኤምዲ በሚባለው፣ powercfg /batteryreport ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ አንድ ፋይል ይወጣለታል። «ዲዛይን ካፓሲቲ» የሚለው ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅም ነው፤ «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» አሁን የሚይዘው ነው። የመጀመሪያው 50,000 ሆኖ ሁለተኛው 40,000 ከሆነ ለዩዝድ ጥሩ ነው። 25,000 ከሆነ ግማሹ አልቋል ማለት ነውና የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከጠቅላላው ይቀነስ። ጅማም እንደ ሌላው ከተማ መብራት ስለሚጠፋ ወንድምሽ ይህን ነገር ቶሎ ያውቀዋል።

የቀረው ቀላል ነው። ነጭ ገጽ ከፍቶ ስክሪኑ ላይ ነጥብና ጥላ ይፈልግ፤ ክዳኑን አምስት ስድስት ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ ይይ። ሁሉንም የኪቦርድ ቁልፎች አንድ በአንድ ይጫን፣ ፍላሽ በየቀዳዳው ይሰካ፣ በዋይፋይ ለአንቺ በቪዲዮ ይደውልልሽ፤ ካሜራው፣ ማይኩና ድምጽ ማጉያው በአንድ ጊዜ ይፈተናሉ። በመጨረሻ ቻርጀሩን ሰክቶ መሙላቱን ያረጋግጥ።

ሁሉም ከተስተካከለ ከጅማ ሆነሽ ሙሉውን ገንዘብ የምትልኪው ያን ጊዜ፣ ላፕቶፑ በአክስትሽ ልጅ እጅ እያለ ነው። የሒሳቡ ባለቤት ስም ማረጋገጫውን ከመጫንሽ በፊት ስልክሽ ላይ ይወጣል፤ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ንግድ ፈቃድ ጋር አንድ መሆኑን ያንብብልሽ። ደረሰኙ ላይ «1 ላፕቶፕ» ተብሎ ብቻ አይጻፍ። ሞዴሉ፣ ሲሪያል ቁጥሩ፣ ቀኑና ሻጩ የሰጠው የዋስትና ጊዜ ይስፈር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ያለ ደረሰኝ ግን መቼና ከማን እንደገዛሽ ማሳየት ይቸግርሻል።

በስጦታ ነገር ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ታኅሣሥ 10 ተገዝቶ በወረቀት ተጠቅልሎ እስከ ታኅሣሥ 29 የተቀመጠ ላፕቶፕ፣ ገና በተከፈተበት ቀን 15 ቀኑ አልፎታል። ስለዚህ እንደደረሰሽ በዚያው ማታ ክፈቺው፤ ሦስት አራት ቀን ቤት ውስጥ ይሥራ፣ ከዚያ ጠቅልዪው። ወይም ለወንድምሽ ቀደም አድርገሽ ስጪው። ፈተናውን ከማንም በላይ የሚፈትነው እሱ ነው።

ወደ ጅማ የሚመጣው እንዴት ነው? የአክስትሽ ልጅ ወይም ሌላ ዘመድ ለበዓል የሚመጣ ከሆነ በእጁ ይዞት ይምጣ፣ ከዚህ የሚሻል የለም። በአውቶቡስ የግድ ከሆነ ከታች ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ሳይሆን ከተሳፋሪው ጋር ውስጥ ይሁን፤ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፣ በላዩ ላይ የሚጫነው ምን እንደሆነ አይታወቅም። በስፖንጅ ተጠቅልሎ በጠንካራ ካርቶን ይታሸግ፣ የታርጋ ቁጥሩና የረዳቱ ስልክ ይላክልሽ፣ አንቺም ስትከፍቺው ከማሸጊያው ጀምሮ ቪዲዮ ይቀረጽ። ደግሞ ይህን እወቂ፤ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ «ዕቃው ኬላ ላይ ተይዟል፣ ለጉምሩክ ይህን ያህል ጨምሪ» የሚል ስልክ ከመጣ ማታለያ ነው። አዲስ አበባ ከሱቅ በደረሰኝ ለተገዛ አንድ ላፕቶፕ ገዢው መንገድ ላይ በስልክ የሚልከው የጉምሩክ ክፍያ የለም።

የእናትሽን ስልክ ግን ጅማ ከሱቅ ግዢ፣ አዲስ ይሁን። እሳቸው ብቻቸውን ናቸው፤ ስልኩ ቢያስቸግር ይዘሽው የምትመለሺበት ሱቅ ቅርብ መሆኑ ከሁለት ሺህ ብር ቅናሽ ይበልጣል። ሱቁ ውስጥ ሳለሽ *#06# ደውዪ፤ የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ባለ ሁለት ሲም ከሆነ ሁለት ቁጥር ይወጣል፣ ሁለቱም ይግጠሙ። ማስታወቂያው ላይ «8 ጊጋ ራም» ብሎ ከጎኑ በትንሹ 4+4 ከተጻፈ እውነተኛው ራም 4 ብቻ ነው፤ ሌላው ከማከማቻው የተበደረ ነው። ትልቅ ማከማቻ በጣም በርካሽ ከተባለም ተጠንቀቂ። ኮፒ ስልኮች 256 ጊጋ ብለው እያሳዩ ውስጣቸው 32 ሊሆን ይችላል፣ ሲሞላ ፎቶዎቹ ይበላሻሉ። ለእሳቸው ለቪዲዮ ጥሪ የሚያስፈልጋቸው 4ጂ፣ ደህና የፊት ካሜራ፣ ትልቅ ስክሪንና ጠንካራ ባትሪ ነው። አጋሮ ከመውሰድሽ በፊት ፊደሉን አተልቂላቸው፣ ኢሞ ጫኚና የእህትሽን ስም ከፎቶዋ ጋር የመጀመሪያው ገጽ ላይ አድርጊው።

የአምናው 2,500 ብር ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም፤ ዓመት አልፎታል። ወደፊት ግን፣ አያድርገውና፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምሽ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዋጋ አላቸው። ገንዘቡ የተላከው ከንግድ ባንክ ከሆነ 951 ደውዪ፣ የዝውውር ቁጥሩን ይዘሽ ወደ ቅርንጫፉ ሂጂ፣ ከዚያም ለፖሊስ አመልክቺ። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ባንኩ በራሱ ሥልጣን አይመልሰውም፤ ሳይወጣ ከተደረሰ ግን ዕድል አለ።

ለሻጩ ዛሬ ይህን ላኪለት፦ «ሰላም። ላፕቶፑን እፈልገዋለሁ። የሞዴሉን ሙሉ ስም፣ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥርና ከሥሩ ያለውን ተለጣፊ ፎቶ ላክልኝ። ዘመዴ ቅዳሜ ሱቅህ መጥቶ አይቶት እዚያው ሙሉውን ይከፈልሃል። አድራሻህን ንገረኝ።» ጂ 5 ሆኖ አድራሻውን ከላከ ዘመድሽ ይሂድ። ሱቅ የለኝም ካለ በቀን፣ ሰው በበዛበት፣ ሶኬትና ዋይፋይ ባለበት ካፌ ይገናኙ። ያለ ቀብድ አይሆንም ካለሽ አመስግነሽ ተዪው። ከዚያ ባለቤትሽን ይዘሽ ወደ ጅማው ሱቅ ተመለሺና ያንኑ ምርመራ ባለሱቁ ፊት አድርጉት፤ ባዮሱን፣ የባትሪውን ሪፖርት፣ ሁሉንም። 43 ሺህ እሱ የጠራው ዋጋ ነው፣ አንቺም ነጋዴ ነሽ፣ ገና አልተከራከርሽውም። ቢያንስ ቦርሳና ማውስ ጨምሮ፣ የአንድ ወር ዋስትና ደረሰኙ ላይ ይጻፍልሽ።